ንጉሥ ኬፌዎስ በቬሊንግቢ

ወንድሜ ጋሼ ገብረመድህን ዕድሜ ልካቸውን አንድ ንጉሥ ሲያጠኑ ኖሩ። ኬፌዎስ ይባላል። ግሪኮች በተረታቸው የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበር ይሉታል። የትኛዋ ኢትዮጵያ ናት የሚለውን ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቁበታል፤ አንዱ ከግብፅ በታች ነው ይላል፣ ሌላው የለም ባሕር ዳርቻ ነው ይላል። እኛ የስቶክሆልም ኢትዮጵያውያን ግን ምን ጭቅጭቅ አስፈለገን፣ የእኛ ነው ብለን ወሰድነው። በሰማይ ላይ በስሙ የተሰየሙ ከዋክብት አሉ ሲሉንማ ኩራታችን ለጉድ ሆነ። ኋላ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሲነግሩን ሰውየው የገዛ ልጁን ለባሕር አውሬ የሰጠ ሆኖ አረፈው። ድንቄም ንጉሥ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱ ካስዮጴያ በቁንጅና ተመጻድቃ የባሕር ቆነጃጅትን አስቀየመች። የባሕሩ አምላክ ተቆጣና አውሬ ሰደደ፤ አውሬው ሰዉንም ከብቱንም ፈጀው። ንጉሡ አዋቂ ቤት ቢያስጠይቅ፣ «ልጅህን አንድሮሜዳን ካልሰጠኸው አይመለስም» ተባለ። ሕዝቡ ደጁ ላይ ቆሞ ጮኸ። እሱም ልጁን ዐለት ላይ በሰንሰለት አሰራት። ደግነቱ ፔርሴዎስ የሚሉት ጎበዝ በዚያ ሲያልፍ አያት፣ አውሬውን ገደለና አገባት።

«ኬፌዎስ ክፉ ሰው አይደለም» ይሉ ነበር ጋሼ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «ክፉማ ቢሆን ይገባን ነበር። ሰው ምን ይለኛል ያለ አባት ነው።»

ይህን ለእንግዳም፣ ለተማሪም፣ ለልጃቸው ለፀደይም ሺህ ጊዜ ብለውታል። ፀደይ ትንሽ ሳለች አልጋዋ ውስጥ ሆና፣ «አባዬ፣ አንተ ብትሆን ትሰጠኝ ነበር?» ብላ ስትጠይቃቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ባሕሩን ጠጥቼ እጨርሰው ነበር እንጂ አልሰጥሽም» አሏት። ልጅቷ ስቃ ተኛች። እኔም ማዕድ ቤት ሳህን እያጠብኩ ሳቅሁ።

እኔ ብርቅአየሁ እባላለሁ፤ ታናሽ እህታቸው ነኝ። እሳቸው በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት ተልከው በአውሮፕላን መጡ፤ እኔ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል በእግሬ ወጣሁ። እሳቸው ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ እኔ ሄምሼንስት ገብቼ የስዊድን ሽማግሌና አሮጊት ቤት ለቤት እየዞርኩ ስጦር፣ ራሴም አሮጊት ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። እሳቸው የሚኖሩት ቬሊንግቢ፣ እኔ አካላ፤ ሁለቱም የስቶክሆልም ዳርቻ ሰፈሮች ናቸው። ፀደይ ትምህርት ቤት በገባች ሰሞን ሚስታቸው ሞተችባቸው፤ ከዚያ ወዲህ ልጅቷን ለሁለት ነው ያሳደግናት። ሹሩባዋን የሠራሁላት እኔ፣ የቤት ሥራዋን ያሠሯት እሳቸው። የወለድኩት ልጅ የለኝም። ስለዚህ ዳር ቆሜ የሰው ነገር የማወራ እንዳይመስላችሁ፤ አንጀቴ ነች።

ጋሼ ሌላም ሥራ ነበራቸው። ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። በእኛ ወግ ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ አዋቂ ሽማግሌ የሁለቱንም ዘር ወደ ላይ እስከ ሰባተኛው ትውልድ ይቆጥራል፤ አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ እህትና ወንድም ናቸው፣ ጋብቻ የለም። አገር ቤት ቢሆን ጎረቤቱ ሁሉ የሁሉን ዘር ያውቃል። እዚህ ግን ልጆቹ ስልክ ላይ ተያይተው ነው የሚዋደዱት፤ የቅድመ አያታቸውን ስም ብትጠይቋቸው እንደ አልጀብራ ነው የሚያዩአችሁ። እናቶቹ ምን ያድርጉ? ለጋሼ ይደውላሉ። ጋሼ ደግሞ ሰላሌን፣ ቡልጋን፣ መንዝን ቤት በቤት ያውቁታል። ቀለበት ያሰሩ ልጆች እንኳ አስወልቀዋል፤ እናትየው አልቅሳ ለምናቸው ፍንክች አላሉም። ግማሹ ሰው ይፈራቸዋል፣ ግማሹ ያከብራቸዋል፤ እሳቸውም እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም ይወዱት ነበር።

ሰርግ ላይ ደግሞ ቀልዳቸው የታወቀ ነው። ማይክሮፎን ሲሰጧቸው ኬፌዎስን ከነቤተሰቡ ያመጡታል። «የአንድሮሜዳን ሰርግ እኔ ብኖር አፈርሰው ነበር!» ይላሉ። ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ነው። አንድሮሜዳ የኬፌዎስ ልጅ፣ ኬፌዎስ የቤሎስ ልጅ። ወዲያ ማዶ ፔርሴዎስ የዳናዬ ልጅ፣ ዳናዬ የአክሪስዮስ፣ አክሪስዮስ የአባስ፣ አባስ የሂፐርምኔስትራ፣ እሷ የዳናዎስ፣ ዳናዎስ የቤሎስ። «ቤሎስ ላይ ተገናኙ! ስድስተኛ ቤት! ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ!» አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። «ያ ሰርግ ባይኖር ሄርኩለስ ከዘራቸው አይወጣም ነበርና፣ ግሪኮች ለራሳቸው ያውቃሉ» ብለው ይቀመጣሉ።

ፀደይ ሲራክን ይዛ የመጣችው ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስከረም ነው። እሷ ሱንድቢበሪ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ እሱ ሊፍት ይጠግናል። የሕንፃው ሊፍት ተበላሽቶ ሊሠራ ሲመጣ ነው የተዋወቁት። ረጋ ያለ፣ ሰው ሲናገር የሚያዳምጥ ልጅ ነው። አባቱን ካሳዬን እኔ ከሱዳን ጀምሬ ስለማውቀው አንተ ነው የምለው፤ አንድ ድንኳን ሥር ወባ የታመምን ሰዎች ነን። እዚህ ከመጣ በኋላ የሒሳብ አስተማሪ ሆኖ፣ ሲራክን ብቻውን አሳደገ። ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣል? ደስ ብሎኝ ምሳውን እያንጎራጎርኩ ሠራሁ።

ጋሼም ወደዱት። ስለ ሊፍት ሲያስረዳቸው እንደ ተማሪ ነው የሰሙት። ምሳው ሊያልቅ ሲል ነው፣ እንዲያው ለወጉ ያህል፣ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?» ያሉት። ሌላው እዚህ ያደገ ልጅ ቢሆን «የካሳዬ» ብሎ ያበቃ ነበር። ሲራክ ግን ቀጥ ብሎ ተቀመጠና እንደ ዳዊት አወረደው። «ሲራክ ካሳዬ፣ ካሳዬ ቶሌሳ፣ ቶሌሳ ገመዳ…» እያለ ወደ ላይ ሄደ። አባቱ ከልጅነቱ ጀምሮ እያስቆጠረ ነው ያሳደገው። ሲያምርበት! እኔማ አጨበጨብኩ። ቀና ስል ጋሼ ሹካቸውን አስቀምጠዋል።

«የትኛው ገመዳ?» አሉ። «የሰላሌው፣ የደገሙ ገመዳ?»

«አዎ ጋሼ! ያውቋቸዋል?»

«ወደ ቡልጋ የተዳረች እህት ነበረቻቸው?»

«አዎ፣ አባቴ ነግሮኛል» አለ ልጁ፣ ዘሩን የሚያውቅለት ሰው በማግኘቱ ፊቱ በርቶ።

ያቺ ወደ ቡልጋ የተዳረችው ሴት የአባታችን አያት ናት። ቁጠሩት እንግዲህ፤ በእኛ በኩል አምስተኛ ቤት፣ በሲራክ በኩል አራተኛ። ልጁ የወደቀው አባቱ ያስተማረውን ጠንቅቆ ስላወቀ ነው። የአያቱን ስም የማያውቅ ዱርዬ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ተመርቆ ይወጣ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«አይሆንም» አሉ ጋሼ፣ ሲራክ እንደወጣ።

ፀደይ መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። «አባዬ፣ ሴትየዋ እኮ ከሞተች መቶ ዓመት ሊሆናት ነው።»

«ሕግ ሕግ ነው። የሰው ልጅ ቀለበት አስወልቄ የራሴን ልጅ ልድር? ሰው ምን ይለኛል?»

እኔ ከወንበሬ ተነሳሁ። «ጋሼ! አሁን ምን አሉ? እስቲ ይድገሙት!» አልኳቸው። አፋቸው ምን እንዳወጣ አልሰሙትም። ዕድሜ ልካቸውን ሲያወግዙት የኖሩትን ቃል ራሳቸው ተናገሩት፣ ግን ጆሯቸው አልሰማውም።

ፀደይ ሰምታለች። እሷ ስትከራከር በስዊድንኛ ነው፤ ያን ቀን ግን እያንዳንዷ ቃል እንድትደርሳቸው በአማርኛ ጀመረች። ጣቷን ዘርግታ፣ «አንድሮሜዳ፣ ኬፌዎስ፣ ቤሎስ» ብላ ቆጠረች። «ፔርሴዎስ፣ ዳናዬ፣ አክሪስዮስ…» እሳቸው ሰርግ ላይ እንደሚያደርጉት አንድም ሳታስቀር ቤሎስ ጋ ደረሰች። «እነሱም ዘመዶች ናቸው። ተጋቡ፣ ወለዱ፣ ከዘራቸው ነገሥታት ወጡ። ሰማይ ተደፋ?»

«እነሱ ጣዖት አምላኪዎች ናቸው!»

«አንተስ? ባሕሩን ጠጥቼ እጨርሰዋለሁ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

መልስ ያጣ አባት የሚያደርገውን አደረጉ፤ ጮኹ። «ከእኔና ከእሱ ምረጪ!» አሉ። ወይ አፍ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይኼ ነው። ፀደይ ኮቷን አንስታ ወጣች፤ በሩን እንኳ አላጋጨችውም። ብታጋጨው ይሻለኝ ነበር።

ያን የበረዶ ክረምት ያልሞከርኩት የለም። ሽማግሌ ላክሁ፤ ጋሼ ለሽማግሌዎቹ ዘር ቆጥረው፣ ሦስቱን እርስ በርሳቸው አዛምደው ሸኟቸው። ለካሳዬም ሄጄ፣ «እባክህ አንድ ነገር በል፣ ልጆቹ ሊጎዱ ነው» አልኩት። ካሳዬ አፉን ከፈተ። የሆነ ነገር ሊናገር ነው ብዬ ስጠብቅ መልሶ ዘጋውና መሬት መሬት አየ። ተናደድኩበት። እሱም እንደ ጋሼ ደርቆ ነው ብዬ አማሁት።

በግንቦት ስታድሁስ በሚሉት ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ተጋቡ። የመንግሥት ጋብቻ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው የሚያልቀው፤ «ትወስዳታለህ፣ ትወስጂዋለሽ» አለቀ። ከዚያ ደረጃው ላይ ፀደይ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ጎንበስ አለችና የእኔን ጉልበት ሳመች። የአባቷን የምትስምበት ቀን ነበር። «እደጊ» አልኳት።

ከግብዣው በኋላ ቬሊንግቢ ሄድኩ። ልሰድባቸው ነው የሄድኩት፤ ስድቡን ባቡር ውስጥ እየተለማመድኩት ነበር። በሩን በራሴ ቁልፍ ከፍቼ ስገባ፣ ጋሼ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ ጫማቸውን ወልውለው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«እስከ ጣቢያው ሄጄ ነበር» አሉኝ። «የዚያች ቀለበት ያስወለቅኋት ልጅ እናት አገኘችኝ። ‹ለልጅዎ ሰርግ ነው?› አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«አይደለም አልኳት። ከዚያ ተመለስኩ።»

ስድቤ ሁሉ ጠፋብኝ። ጫማቸውን አወለቅሁላቸውና ሾርባ ሠራሁላቸው።

ልጅ ተወለደች፤ ቲና አሏት። ክርስትና ስትነሳ ጋሼ አልመጡም፤ ፀደይም አልጠራቻቸውም። እኔ በሁለቱ መሃል ባቡር ሆንኩ። ሄጄ ስጠይቃቸው መጀመሪያ ስለ አየሩ ያወራሉ፣ ስለ ጉልበታቸው ያወራሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ስልክሽ ላይ አዲስ ፎቶ አለ?» ይላሉ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው መነጽራቸውን አውርደው ያያሉ። «አፍንጫዋ የእናቷ ነው» ይሉና መልሰው ይሰጡኛል። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «እስቲ ያቺን እንደገና አሳይኝ።» ሰርግ መሄድ ተዉ። እናቶች ሲደውሉላቸውም፣ «አርጅቻለሁ፣ ረሳሁት» ይላሉ። ረሳሁት! እሳቸው!

አንድ ቀን፣ «ኬፌዎስ እኮ ወንድ ልጅ አልነበረውም» አሉኝ። «አንድሮሜዳና ፔርሴዎስ ወደ ግሪክ ሲሄዱ የበኩር ልጃቸውን ትተውለት ነው የሄዱት። ፐርሴስን። አያቱ ጋ አድጎ ዙፋኑን ወረሰ።»

«አውቃለሁ፣ ነግረውኛል።»

«ስንት ዘመን ሳስተምረው ገርሞኝ አያውቅም ነበር። ልጁን ለአውሬ ለሰጠ ሰው የልጅ ልጅ ሰጡት። እንዴት አስቻላቸው ብርቄ?»

«ታዲያ ሄደው ይጠይቋታ! ባቡሩ አልተቋረጠ!»

«በምን አፌ?» አሉ። ተነስተው መስኮቱ ጋ ሄደው ቆሙ። አለቀሱ መሰለኝ፤ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ያለፈው ታኅሣሥ ነው ካሳዬ የመጣው። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ግን እንደምታውቁት በዚያ ወር ገና ምሳ ሳይወርድ ይጨልማል። እኔ ለጋሼ ምግብ አምጥቼ እያሞቅሁ ነበር። ካሳዬ ገባና በረዶውን አራገፈ፤ ኮቱን ግን አላወለቀም። ተቀመጥ ብንለው እምቢ አለ።

«ዶክተር፣ የመጣሁበትን ተናግሬ ልሂድ» አለ። «አባቴ ቶሌሳ የገመዳ የአብራክ ልጅ አይደለም። እናትና አባቱ በበሽታ ሲያልቁበት ገመዳ ለጉዲፈቻ ወሰዱት። በእኛ ቤት የጉዲፈቻ ልጅ ማለት ልጅ ነው፣ ያለቀለት ልጅ። ‹አልወለዱህም› ብሎ የሚናገር ሰው እርጉም ነው። ለዚህ ነው ከቤታችን ውጭ ማንም የማያውቀው። ሲራክም አያውቅም። አባቴ ሊሞት ሲል ነው ለእኔ የነገረኝ፤ የገመዳ ልጅ ብለህ ቅበረኝ፣ ሌላ ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ ብሎ አስምሎኛል።»

እኔ ማንኪያውን ድስቱ ውስጥ ትቼ ዞርኩ። ያኔ አፉን ከፍቶ የዘጋው ለዚህ ነው። «አንተ ሰው፣ ታዲያ ያኔ ብትናገር ኖሮ…»

«እንዴት ልናገር ብርቄ? ልጄን ልድር ብዬ አባቴን አባት ላሳጣው?»

«አሁንስ ምን ተገኘ?» አልኩት።

ካሳዬ ኮፍያውን በእጁ አዟዟረው። «እሑድ ዕለት ቤታቸው ምሳ ስበላ፣ ፀደይ ውሃ እየቀዳችልኝ ‹አባዬ› አለችኝ። አምልጧት ነው። ወዲያው ደነገጠችና በረንዳ ወጥታ አለቀሰች። እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባቴ እናት አባቱ ስለሞቱ ነው ሌላ አባት የተሰጠው። እሷ ግን አባቷ እዚሁ ቬሊንግቢ አለ። በቁሙ ያለ ሰው ልጅ እየወሰድኩ ነው አልኩ። ይኼን ከማደርግ መሐላዬ ይፍረስ፣ ኃጢአቱ የእኔ ይሁን።»

እኔ ለካሳዬ ማልቀስ ጀምሬ ነበር። ድንገት ጋሼ ከወንበራቸው ተፈናጥረው ተነሱ።

«ደም የለማ!» ብለው ጮኹ። «ካሳዬ፣ ዘመድ አይደለንማ! ተፈታ እኮ፣ ነገሩ ተፈታ!» ዘለው አቀፉት።

ካሳዬ ሊያቅፋቸው እጁን አላነሳም። ፊቱን ያየሁት እኔ ነኝ፤ የአባቱን መርዶ ዛሬ ገና የሰማ ይመስል ነበር። ቀስ ብሎ ከእቅፋቸው ወጣና፣ «ለልጆቹ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» አለ።

«አዎ አዎ» አሉ ጋሼ። ካሳዬ ሄደ። በሩ ከመዘጋቱ ጋሼ ኮታቸውን እያጠለቁ ነው።

«የት ነው?»

«ልጄ ጋ!»

«ጊዜ ስጡኝ አለ እኮ ሰውየው! ቢያንስ ይደውሉ።»

«ምን መደወል፣ የምሥራች እኮ ነው!»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልኩ በሆዴ። ብቻቸውን በበረዶ ላይ እንዳይወድቁ ተከተልኳቸው። ጣቢያው ሥር ካለው ሱቅ ቀይ የገና አበባ በማሰሮው ገዙ። አውቶቡስ እስኪመጣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ጋሼ ቀና ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። አምስት ኮከብ፣ ሕፃን የሳላት ጎጆ የምትመስል። «ኬፌዎስ» አሉ። «እዚህ አገር አይጠልቅም፣ ዓመቱን ሙሉ እንደተጎለተ ነው።» እንደዚያ ደስ ብሏቸው ካየኋቸው ዓመታት አልፈዋል። ልቤ ለሁለት ተከፈለ፤ ደስታቸው ደስ አሰኘኝ፣ ደግሞ ፈራሁ።

ፀደይ በሩን ስትከፍት እጇ ዱቄት ነበር፤ የገና ዳቦ ከልጇ ጋር እየጋገረች ነው። ሲራክ ሥራ ላይ ነው። አባቷን ስታይ ፊቷ ነጣ።

«ምን ሆንክ? ታመሃል?»

«አልታመምኩም! የምሥራች ነው!» ጋሼ ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ አበባውን ታቅፈው፣ እዚያው በር ላይ ጀመሩት። በባዶ እጃቸው አየሩ ላይ ቆጠሩላት። ገመዳ፣ ከገመዳ ቶሌሳ፣ «እዚህ ጋ ግን ደሙ ተቆርጧል፣ ቶሌሳ የጉዲፈቻ ነው! ሲራክ ከገመዳ ዘር አይደለም! ካሳዬ ራሱ መጥቶ ነገረኝ!» እኔ ከኋላ ኮታቸውን እጎትታለሁ፤ የሚሰማ የለም።

ፀደይ እስኪጨርሱ ሰማች። ዱቄቱን በሽርጧ ጠረገች።

«ይህን ሲራክ ያውቃል?»

«ገና ነው፣ ግን ምን ችግር አለው…»

«የሲራክን አያት ነጥቀህ ነው ለእኔ አባት የምትሆነው?»

«ፀዲዬ፣ አልገባሽም። የሚከለክል ነገር የለም ነው የምልሽ። አሁን ልመርቅሽ እችላለሁ።»

ፀደይ በስዊድንኛ አንድ ነገር ጀመረችና ተወችው። አማርኛዋን ቃል በቃል ስትፈልግ ጠበቅናት። ቁጣ ቢሆን ኖሮ እገላግል ነበር፤ ቁጣ አልነበረም።

«አባዬ» አለች። «ዘመድ ብንሆን ኖሮስ? ካሳዬ ዛሬ ባይመጣስ? ትመጣ ነበር?»

ጠይቃ ጠበቀች። የምር ነው የጠየቀችው፤ ዓይኗ ትንሽ ሳለች አልጋዋ ውስጥ ሆና እንደጠየቀችው ጊዜ ክፍት ነበር። እኔ በሆዴ፣ «በሏት! እመጣ ነበር በሏት! ውሸትም ቢሆን አንድ ጊዜ ዋሹ፣ ምን አለበት!» እያልኩ እለምናለሁ። ጋሼ ግን ዋሽተው አያውቁም። ለጣቢያዋ ሴትዮ እንኳ ውሸት አልነገሯትም፤ «አይደለም» ብለው፣ እውነት እንዲሆን ቤታቸው ተመለሱ። አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት።

ያኔ ቲና ከማዕድ ቤት ሮጣ መጣች። አፍንጫዋ ላይ ዱቄት አለ። እኔን ስታይ ሳቀች፣ እሳቸውን ስታይ የእናቷን እግር ያዘች። ቀና ብላ በስዊድንኛ፣ «ማነው?» አለች።

ፀደይ አባቷን አየቻቸው። ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ልጇ ጎንበስ አለች።

«የእማማ ብርቄ ወንድም ናቸው» አለቻት።

አልዋሸችም። እኔ ነኝ ብርቄ፣ እሳቸውም ወንድሜ ናቸው። ሰው ዘር ሲቆጥር አንድ ሲያዛንፍ ሳያርሙ የማያልፉት ጋሼ ያርሟታል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ግድግዳውን ተደግፈው ዝቅ አሉ፤ አበባውን መሬት አስቀምጠው ለልጅቷ እጃቸውን ዘረጉላት።

«አዎ» አሏት። «ወንድሟ ነኝ።»